ተንከባካቢ ስለበዛባት ኩላሊት የተከለከለች ልብስ ሰፊ

ለሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ቀን፦ ኮሚቴው ፊት በቀረብኩ ማግስት

ጉዳዩ፦ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጥያቄዬ እንደገና እንዲታይልኝ ስለማመልከት

ክቡር ዳይሬክተር፣

አቤት የሚል ሰው አንገቱን መድፋት እንዳለበት አውቃለሁ። ነገር ግን የታላቅ ወንድሜ ኩላሊት ይስማማሻል ከተባልኩ ወዲህ ፊቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ብቻዬን እንኳ ስሆን እስቃለሁ። በዚህ ማመልከቻ ውስጥ ሳቅ ቢያመልጠኝ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ስለያዘኝ የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር፣ የምሰፋውም በእጅ በሚዞር መኪና ነው። ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን እዚሁ ሆስፒታል ለእጥበት እመላለሳለሁ።

2. የንቅለ ተከላ ኮሚቴው፣ አካል ጉዳተኛ በመሆኔ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚንከባከበኝ አንድ ሰው ይዤ እንድቀርብ አዘዘኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እኛ ቤት አንድ ሰው ብሎ ነገር የለም። እናቴ፣ አዋላጅ የነበረችው አክስቴ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ባለቤቴና ኩላሊት ሰጪው ወንድሜ ክት ልብሳቸውን ለብሰው ተከተሉኝ። ወንድሜ የአውቶቡስ ሾፌር ሲሆን፣ ከድምፁ የተነሳ ጥሩምባ እንለዋለን።

3. ሰብሳቢው «ተንከባካቢዋ ማን ነው?» ሲሉ አራቱም እጃቸውን አወጡ። እናቴ «የወለድኳት እኔ!» ስትል አክስቴ «እኔ ባላዋልድሽ የት ትወልጃት ነበር?» አለቻት። ባለቤቴ «ታዲያ ባል ለጌጥ ነው?» ብሎ ተነሳ። ጥሩምባ ደግሞ «ኩላሊቴ ባለበት እኔም አለሁ!» ብሎ ሲጮህ ኮሪደር ላይ ያሉት ታማሚዎች በሩን ከፍተው ማየት ጀመሩ። እሱ እኮ አብሮኝ የሚቀደድ ሰው ነው፤ ማን ማንን ሊያስታምም! በዚህ ሁሉ መሐል እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ኮሚቴውም «ቤተሰቡ ባለመስማማቱና አመልካቿ ራሷን ባለመቻሏ» በማለት ጥያቄዬን ውድቅ አደረገው።

4. ክቡርነትዎ፣ ለእጥበት ስመላለስ ስለ እግሬ የጠየቀኝ የለም። የእናቴን የደም ግፊት ኪኒን ሰዓቱን ጠብቄ የማስውጣት እኔ ነኝ፤ የራሴን ለመዋጥ እግር አያስፈልገኝም። የታመመው ኩላሊቴ ነው። እግሬማ ምን አደረገ? ከልጅነቴ ጀምሮ በሰላም አብረን እየኖርን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አራቱ ተኮራርፈው ነበር። እኔ ግን ታክሲው ውስጥ እየሳቅኩ አለቀስኩ። እንዲህ የሚሻሙበት ሰው መሞት አይገባውም፤ እኔም መሞት አልፈልግም። መኖር በጣም እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ኮሚቴው ለብቻዬ ቀርቤ ከራሴ አንደበት እንዲሰማኝ፣ አካል ጉዳቴም መከልከያ እንዳይሆን እንዲያዙልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከጎኔ ባለው ወንበር ኩላሊቱን የሚታጠበው ዓይነ ስውር መምህርም እንደኔ ለማመልከት የእኔን መልስ እየጠበቀ ነው። ቤተሰቤ በዕለቱ ከግቢው በር እንዳያልፍ ተስማምቷል። ጥሩምባም ዝም እንደሚል ምሏል፤ ለእሱ ግን ዋስ አልሆንም።

ከአክብሮትና ልደብቀው ካቃተኝ ደስታ ጋር

ልብስ ሰፊዋ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለታላቅ ወንድሜ፤ እስከዚያው ኩላሊቴን አደራ።