ስልክህ ሲጠራ የማወልቀው ከል

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለካሳሁን፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? የጁባ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ምግቡስ ይስማማሃል? ደህና ከሆንክ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ አጠገብህም ሰው ይኑር። እኛ ቤት ገብሱ ታጭዶ ገብቷል፤ ጊደሯም ወልዳለች። ይህን ደብዳቤ ወደ ጁባ የሚመጣው የጋሳዩ ሙላቴ በእጁ ያመጣልሃል። በስልክማ ምላሴ መዋሸት ለምዶብኛል።

አባባ ሞተዋል። ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው ዓመት በኅዳር ሚካኤል ማግስት ከአውድማ ሲመለሱ ደረታቸውን ውጋት ያዛቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፉ።

አጎታችን ይሻው ዘመድ ሰብስበው፣ በባዕድ አገር ለብቻው መርዶ አይሰማም፤ ሲመጣ እዚሁ እናረዳዋለን አሉ። ሁሉም ልክ ነው አለ። አንተም ለፋሲካ እመጣለሁ አልክ፤ ቀጥለህ ለመስቀል አልክ፤ ቀረህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዘመዶቻችን ግን ሃምሳ ሆነው ለእኔ ለአንዷ አሸክመውኝ ወደየቤታቸው ሄዱ። ስልክህ ሲጠራ እናታችን ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እኔ በቪዲዮ እንዳታየው ከሌን አውልቄ ቢጫዋን ቀሚሴን እለብሳለሁ፤ እስቅልሃለሁ። አባባን አገናኚኝ ስትለኝ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ጆሯቸው ደክሟል፣ መርቀውሃል እልሃለሁ። ስትዘጋው ከሉን መልሼ እለብሳለሁ። አባቴን እንኳ በወጉ እንዳላለቅስ አደረግኸኝ።

ባለፈው ሳምንት የአባባ ምርቃት ይዞልኝ አሠሪዎቼ አዲስ መኪና ሰጡኝ ብለህ ፈነደቅህ። ያን ጊዜ መረረኝ። ዓመት ሙሉ የመረቅሁህ እኔ ነኝ። እሳቸውማ በሩን በሩን እያዩ፣ ካሳሁን መጣ ወይ እያሉ ነው ያለፉት። ይህንንስ ልደብቅልህ አስቤ ነበር፤ ግን ለማን ብዬ?

ይቅር በለኝ አልልህም። ልጽፍልህ ከቆረጥኩ ወዲህ እህል ጣፈጠኝ፣ እንቅልፍም ይወስደኝ ጀመር። እንዲህ እንደሚቀለኝ ባውቅ ኖሮ አንድ ቀንም አልታገስህም ነበር። እንግዲህ ተራው ያንተ ነው፤ አንተ ደግሞ እንቅልፍ እጣ።

እናታችን እንደምን ነህ ልጄ ይሉሃል፤ መጻፌን ነግሬያቸዋለሁ። ባለቤቴ ጌጡ፣ ልጄ ሰላማዊትም ሰላም ብለውሃል። አጎታችን ይሻው መጻፌን ስለማያውቁ ሰላምታ አልላኩም። አባባ ሰላም ብለውሃል የምልህ ግን ከእንግዲህ የለም። ደብዳቤው ሲደርስህ ደውል፤ ከሌን እንደለበስኩ አነሳልሃለሁ።

እህትህ ዝናሽ
ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.