ሰርቪሱን የያዝኩት እኔ ነኝ

ኮልፌ፣ ጥር 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ አድማሱ፣ እንደምን ከርመሃል? መሠረተ ትምህርት ገብተሃል አሉ፤ በል ራስህ አንብበው።

እዚህ ሰርቪስ የሚሉት የእንግሊዝ ቃል አለ። ልጄን ታፈረን ጠዋት ፋብሪካ የሚወስደው አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። የጎረቤት መኪና ዘይት ልትቀይር ስትሄድ «ሰርቪስ ገባች» ይላሉ። ከጓሮ ያለችው የቤት ሠራተኛ ማደሪያ ክፍልም ሰርቪስ ናት። እኔን ያሳደሩኝ እዚያች ውስጥ ነው።

ዝም ያልኩ እንዳይመስልህ። «አባትህ ገረድህ ነው?» አልኩት ታፈረን። አንገቱን ደፋ። ሲመሻሽ አውቶቡስ ከሚዞርበት ከማዞሪያው ስመለስ ትልቁን አልጋ ለእኔ አንጥፈው፣ እሱና ሚስቱ ፍራሽ ይዘው ወደ ጓሮ ሲሄዱ ደረስኩ። እኛ ዘንድም መደቡ የአባት ነው፤ ደስ አለኝ። ምራቴ ጥሩብርሃን ግን ነፍሰ ጡር ናት፤ በአንድ እጇ ትራስ፣ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛለች።

«ተመለሱ!» አልኩ። «ቤቱን ከሰጣችሁኝ የማድርበትን የምመርጠው እኔ ነኝ።» ሰርቪሱን ያዝኩ። ማን ያስወጣኛል?

ይህን የምትጽፍልኝም እሷው ናት። «አባባ፣ ገረድ ያሉትንም ልጻፈው?» ትላለች እየሳቀች። ጻፊው አልኳት።

የወረቀቱ ቦታ አለቀ አለችኝ። ባለቤትህን፣ ልጆችህን፣ ማኅበርተኛውን ሁሉ ሳምልኝ። ስትመጣ ትልቁን በር እለፈውና በጓሮ ግባ፤ የቤቱ ጌታ እዚያ ነው።

ይገዙ