ኦስላውግ ተራራው ጫፍ ላይ

ውድ ቱሪድ፣

አማቴን ተራራ ልናወጣ ነው ስንልሽ «በዚህ ዕድሜያቸው? አብዳችኋል!» ብለሽን ነበር። ሦስት ሳምንት የአየሩን ትንበያና የጀልባውን ሰዓት ስናገላብጥ ከረምን፤ ሁለቴም ነፋስ ከወደቡ መለሰን። ዛሬ ግን ትሮምሶ ከተማን በዝናብ ትተን ተራሮቹ ያሉበት ሊንገን ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጠበቀን። አማቴ ኦስላውግ የዳሌ ቀዶ ጥገና ባደረጉ በዓመታቸው፣ ሰማንያ አንድ ሞልቷቸው፣ ተራራውን ተያያዙት። እኩሌታው ላይ ግን በረዶው ላይ ቁጭ ብለው «በቃኝ፣ እናንተ ሂዱ» አሉ። ባሌ ኤይሊፍ ሊያዝላቸው ጎንበስ ቢል፣ «ዞር በል! አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ፣ አንተ ልታዝለኝ?» ብለው በምርኩዛቸው ገፉትና ቀድመውን ወጡ። ጫፉ ላይ ባሕሩን ቁልቁል እያዩ በደስታ ሲጮኹ እኔ አለቀስኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ኦስላውግ «ቱሪድ ለቅዳሜ ጫማዋን ታዘጋጅ፣ እኔ እመራታለሁ» ብለውሻል።

ያንቺው ጉንቮር