ወደሚቀርበው ውሰዱኝ

ለተከበሩ የቅሬያችን ዳኛ፣ ለአቶ አብዱልከሪም
ሐይቅ ከተማ

አሰላሙ ዓለይኩም። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ሰሞኑን አመመዎ ለተባለው ትከሻዎ ዓፊያን እመኛለሁ። ቃሬዛ ባይሸከሙም ትከሻ መታመሙ አይቀርም።

ጀልባ ጠጋኙ አንዳርጋቸው ሳሊሕ በሞተ ዕለት ጠዋት፣ ከመናኸሪያው በር ቆመው፣ «ከሞት በኋላ ምንም የለም ሲል አልነበር? እንግዲያ ምንም አይደረግለት» ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። ጨዋታ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። እኔ ግን ቃልዎን እንደ ወረደ ተቀብዬ፣ በትእዛዝዎ መሠረት ያልተደረገለትን በዝርዝር ላሳውቅዎ ይህን በአደባባይ ጻፍሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ አምና ሙት ለመቅበር የቆመው ቅሬያችን መዝገቡን ሲያድስ፣ ከየአባሉ ስም ትይዩ «ሙ» ወይም «ክ» ይጻፍ ተባለ። አባቱ ሙስሊም እናቱ ክርስቲያን የነበሩት አንዳርጋቸው፣ በሁለቱም ሃይማኖት እንደማያምን፣ ሰው ለሰው እንደሚበቃው ተናግሮ፣ «ሰው ብላችሁ ጻፉኝ» አለ። እርስዎም በቅንነት፣ «ስትሞት ታዲያ ወዴት እንውሰድህ?» ብለው ጠየቁት። «ወደሚቀርበው ውሰዱኝ፤ ትከሻችሁን ማድከም አልፈልግም» አለ። በዚያው ዕለት በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ። መዝገቡ ለሰው የሚሆን ምልክት እንደሌለው ያላወቀው እሱ ብቻ ነበር።

አንደኛ፣ ጡሩንባ አልተነፋለትም። ባለቤቱ ሀውራ፣ አምስት ወቅት ሰላቷን የማታጓድል ሴት፣ ቃሬዛውን ብትለምን የቅሬው መጋዘን ቁልፍ ጠፍቷል ተባለች። በማግስቱ ለሌላ ሐዘንተኛ ስለተገኘ አላህን አመስግነናል። ሬሳው በገዛ ጀልባው ሳንቃ ተጭኖ በባጃጅ ወደ መቃብር ሄደ። እግሩ ወደ ውጭ ስለተረፈ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነድቷል፤ ምስጋና ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ መሬት አልተሰጠውም። እርስዎ የሙስሊሙን መቃብር ለሙስሊም፣ ምክትልዎ መሪጌታ ተክለ ማርያም የቤተ ክርስቲያኑን ለክርስቲያን ብላችሁ መለሳችሁን። የቅሬውን ድንኳን ቀዳዳ ማን ይጥቀመው በሚል አራት ዓመት ያልተስማማችሁ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በዚህ አፍታ ሳትቆዩ አንድ ሆናችሁ። ወሎ የምትኮራበት መቻቻል ሲባል የምንሰማው ይህ ከሆነ፣ ሁለት ችሎ ሦስተኛው ላይ መድከሙን ስላሳያችሁን እናመሰግናለን።

ስለዚህ ከቤቱ ጓሮ፣ ከሐይቁ ዳር ቆፈርን። ወገብ ሳይደርስ ውሃ አፈለቀ። ፈቀቅ ብለን ደገምን፤ ያም አፈለቀ። በሦስተኛው ሀውራ፣ «ተውት በቃ፤ ውሃ እንደሁ ይወዳል» አለች። ሳንቃውን ከሥሩ አነጠፍንለት።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ማስታወሻ ነው። የመሪጌታን ልጅ ሐይቁ በወሰደው ጊዜ፣ ጠልቆ ያወጣው አንዳርጋቸው ነበር፤ በማን ስም እንደሚጠልቅ የጠየቀው አልነበረም። የእናትዎንም መቃብር፣ በዚያ የነሐሴ ጭቃ፣ ሌላው ዝናብ ሲጠለል ቆፍሮ የጨረሰው እሱ ነው። በዕለቱ «ጀዛህን አላህ ይክፈልህ» ብለውት ነበር። ሒሳቡ በእርስዎ በኩል እንዳልሆነ ያን ጊዜ ቢነግሩት ደግ ነበር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይሞላል፤ ጓሮውንም ይውጠዋል። ከዚያ በፊት ሬሳው ወደ ደረቅ መሬት ይውጣ፤ ከሁለቱ መቃብሮች በአንዱ አጥር ሥር፣ በውጭ በኩል እንኳ ቢሆን። መልስዎ እንደ ቁልፉ በማግስቱ ቢገኝም አንቀየምም።

ምንም ላለማድረግ ባሳዩት ትጋት የተደነቀ፣ ለትከሻዎ ሽረትን የሚመኝ፣

ጠሃ
የቅሬው ጸሐፊ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ መዝገቡን ዛሬ ገልጬ አየሁት። በአንዳርጋቸው ስም ላይ ያለው መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ ነው ያሰመርሁት። ይሰረዝ ብሎ የወጣው እጅ ሠላሳ አራት ነበር። አንዱ የእኔ ነው።