ተጨቃጭቃ የማታውቀው ዘሃራ

ከሚሴ፣ ሰኞ ኅዳር 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ነገ የባለቤቴ የዘሃራ ሰደቃ ነው። ሼሁ ከዱዓው በፊት ስለ እሷ ሁለት ቃል እንድናገር ጠይቀውኛል። ከጧት ጀምሮ ቤቱን የሞሉት ሴቶች የምናገረውን አዘጋጅተውልኛል፦ «ድምጿ ከደጅ አይሰማም ነበር። ወላሂ፣ ከባሏ ተጨቃጭቃ አታውቅም!»

ይቺን ሴት አላውቃትም። የኔዋ ዘሃራ ጓዳ ቁጭ ብላ በድምጿ ብቻ ወደ ሰንበቴ ከተማ የሚሄደውን ሚኒባስ ታስቆም ነበር። በአማርኛ የጀመርነውን ጠብ በአማርኛ ጨርሰን አናውቅም። ልትሸነፍ ስትል ወደ ኦሮምኛ ትሻገራለች፤ እንደኔ ያለ የደሴ ልጅ እዚያ ምን ዘመድ አለው? ልጃችን ሰዓዳ ዛሬ ነርስ የሆነችው እናቷ ዝምተኛ ስለነበረች አይደለም። ሰዓዳ ገና ተማሪ ሳለች ሊያጯት የመጡትን ሽማግሌዎች ዘሃራ እስከ በር ድረስ እየተከራከረች ስለሸኘቻቸው ነው።

ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ። በመጨረሻ ሰዓዳን ጠራኋት።

«እናትሽ አትጨቃጨቅም ነበር ወይ?»

«ኧረ አባ! ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም።» ቀጠለችና፣ «እውነቱን የምትናገር ከሆነ ግን እኔ ጓዳ እገባለሁ፤ ሳቄ ይመጣል» አለችኝ።

ሁለቱን ቃል እስካሁን አላገኘሁም። እውነቱን ብናገር ሚስቱን አማ ይሉኛል። የነሱን ብደግም ደግሞ ለማላውቃት ሴት ማልቀሴ ነው።

ዛሬ ስለ በሬውም ስለ ድንኳኑም ያዘዝኩትን ሁሉ ጎረቤቶቹ «እሺ» እያሉ ተቀበሉኝ። ስለ ድንኳኑ ተሳስቻለሁ። ተከራክሮ የሚነግረኝ ግን ጠፋ።