የእማዬ ውጋት የልብ አይደለም

ለውድ ወንድሜ ለታዲዮስ፣ ጆሃንስበርግ፤

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሱቁስ፣ ብርዱስ፣ ያ የሚያስልህ ጉንፋን ለቀቀህ? እኛ ከአባዬ ጀምሮ እስከ ጊደራችን ድረስ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ቆይ፣ ይሄን «ደህና ነን» ዝም ብለህ አትለፈው! በስልክ ስንልህ የከረምነው ዓይነት አይደለም፤ ይሄኛው እውነተኛው ነው።

ታዲ፣ እልል በል! የእማዬ ውጋት የልብ አይደለም!

መደበቃችንን ታውቃለህ። ሰው አገር ያለን ልጅ ማስጨነቅ አይገባም ብለን «ደህና ናት» ስንልህ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሽብሩ ደውለው ሁሉን ዘረገፉት። ወንድማቸው በልብ ስለሞተ፣ ጀርባውን የያዘ ሰው ሁሉ ለእሳቸው የልብ በሽተኛ ነው። ከዚያ ወዲህ አንተም እኛን ማመን ትተህ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ አልክ። ለዚህ ነው ስልኩን ትቼ፣ ወደዚያው በሚመለሰው በጓደኛህ በጴጥሮስ እጅ ወረቀት የምልክልህ።

እውነቱን ለመናገር እኛም ፈርተን ነበር። ከቀኝ ትከሻዋ አጥንት ሥር እንደ ወስፌ ይወጋታል፤ አየር ስባ ስትተነፍስ ይብስባታል፤ ሕመሙ በክንዷ ወርዶ ትንሿ ጣቷ ድረስ ይዘልቃል። ማንኪያ መያዝ እንኳ ተሳናት፤ መዝሙርም ተወች። አንድ ቀን ጓሮ ወስዳ ከሞተች በኋላ የትኛው እንሰት ለማን እንደሚሆን አሳየችኝ። ዲላ ሆስፒታል እንውሰድሽ ስንላት ልቤን ሊቀድዱት ነው ብላ እምቢ አለች። በመጨረሻ አባዬ ካልሄድሽ እህል አልቀምስም ብሎ ቁጭ ሲል ተሸነፈች።

ዲላ ልቧንም ሳንባዋንም መረመሩ፤ ምንም የለባትም! ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩንና ስመኝ የምትባል ባለሙያ ተቀበለችን። እማዬን ራስሽን እቀፊ አለቻት። እማዬ አፍራ አባዬን አየት አደረገችና አቀፈች። የትከሻዋ አጥንት ገለል ሲል ስመኝ በአውራ ጣቷ አንዲት ቦታ ጫን አደረገች፤ እማዬ «ማገኖ!» ብላ ፈጣሪን ጠራች። ሕመሙ ያንኑ የድሮ መንገዱን ይዞ እስከ ትንሿ ጣቷ ወረደ። ለካ እዚያ ውስጥ ጎድን አጥንቶች ላይ የተያያዘች ስስ ጡንቻ አለች፤ ተቋጥራ ያሠቃየቻት እሷ ናት!

ሥራሽ ምንድን ነው ስትባል እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አንድ እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቅላ የሌለውን እንሰት በቀኝ እጇ ትፍቅ ጀመር። ለሠርጉም ለለቅሶውም ቆጮ የሰፈሩን እንሰት የምትፍቀው እሷ አይደለች! አባዬን ሳቅ አመለጠው፣ ስመኝም ተከተለችው፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ስመኝ በእጇ አሸችላት፣ አተነፋፈስ አስተማረቻት፣ እስኪሻላት እንሰት እንዳትፍቅ ከለከለቻት። ቤት ደግሞ የጨርቅ ኳስ በጀርባዋና በግድግዳው መሀል አድርጋ ትተሻሻለች። ጋሽ ሽብሩ አይተው ጊደራችሁም ግንድ ላይ እንዲሁ ታደርጋለች አሉ። እንሰቱን የሰፈር ሴቶች ተራ ገብተው እየፋቁልን ነው፤ እማዬ አጠገባቸው ተቀምጣ አልጠራም እያለች ታስቸግራቸዋለች። ባለፈው እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ያንን ረጅሙን መዝሙር እስከ መጨረሻው ዘመረች፤ አባዬ መዘመሩን ትቶ አጨበጨበላት።

ስለዚህ ሱቅህን አትዝጋ። መምጣት ካማረህ በገና ና፤ ያኔ እልል ብለን እንቀበልሃለን።

አባዬ ጉንፋንህን አደራ ይልሃል። እህታችን መሰረት ናፍቀሃታል። ጋሽ ሽብሩም ሰላም ብለውሃል፤ ለማንኛውም አንተም ልብህን ታይ ብለዋል።

እህትህ ማርቲ
ኢዲዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቆይ፣ እማዬ ብዕሩን ተቀበለችኝ።

ታዲ ልጄ፣ ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። ጣቴን አያመኝም። እነሱን ባታምን እኔን እመን፤ ደህና ነኝ። እናትህ ማንጠግቦሽ።