በደሴቲቱ ላይ የሰገድኩት ዐስር

ጋርላንድ፣ ሐምሌ 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሲራጁዲን፣ ደሴ።

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተም ልጆችህም እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ልጄ ሁስና «ትንሽ ይረፉ» ብላ ከፖርቶ ሪኮ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ደሴት ወስዳኝ ነበር። የባሕሩ ዳርቻ ጭር ያለ ነው፤ ሰውም ሥራም የለበትም። አሸዋ ላይ መጋደም የሥራ ፈት ነገር ስለሆነ አራቱንም ቀን ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ልሰግድ ስቆም ሁስና ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አባባ፣ ወደ ሰሜን ዞረዋል እኮ! እዚህ ቂብላው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ደሴ ያሉ መሰልዎት እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ነፋሱ ነው ያዞረኝ» አልኳት። አሜሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሰግድ ተሳስቼ አላውቅም። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም።

ከተመለስን ወዲህ የመኪናዬን ቁልፍ ወስዳ መስጊድ የምታደርሰኝ እሷ ናት። ይህ ንቀት ነው፤ ነግሬያታለሁ።

ሳልረሳው አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባታችን አንተን በሟቹ አጎታችን ስም መጥራት የጀመሩት በስንት ዓመታቸው ነበር? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ሁስና ስትደውል እንዳታነሳባት።

መልሱን ቶሎ ላክልኝ፤ ስምህንም ከላይ ጉልህ አድርገህ ጻፈው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አላህ በጤና ያቆያችሁ።

ታላቅ ወንድምህ እንድሪስ